ፕሮግራሙን ሳታጠፉ ሎገሩን መቀየር፦ ለፓይተን አገልግሎቶች ዝርዝር መመሪያ

አገልግሎቱ እየሠራ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን አንድ ክፍያ መሀል ላይ ይወድቃል። ሎጉ ላይ የሚታየው «አልተሳካም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ዝርዝሩን ለማየት የሎገሩን (ሎጉን የሚጽፈውን የፕሮግራሙን ክፍል) ሌቭል፣ ማለትም የትኛው መስመር ይጻፍ የሚለውን ደረጃ፣ እጅግ ዝርዝር ወደሆነው ወደ ዲበግ ማውረድ ያስፈልጋል። ሪስታርት ካደረጋችሁት ደግሞ ችግሩን የፈጠረው ሁኔታ ከሜሞሪው ጋር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሎገሩን መቀየር ያለባችሁ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። አንዱ ሌቭል የሚቀይረውን ተግባር፣ ሴትሌቭልን፣ ይጠራል፣ ምንም አይቀየርም። ሌላው አዲስ ኮንፊግ ይጭናል፣ ሎጉ ጭራሽ ዝም ይላል። ሌላው ይሳካለትና መመለሱን ይረሳል፤ ሌሊቱን ዲስኩ ሲሞላ አገልግሎቱ ይቆማል።

መመሪያው ከፓይተን ጋር አብሮ ለሚመጣው የሎጊንግ ሞጁል ነው። የተግባሮቹን ስም በአነባበባቸው አስቀምጫለሁ፤ ኮዱ ላይ ግን እንደወትሮው በላቲን ፊደል ጻፏቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አራት ነገሮች ሳታውቁ ምንም አትንኩ።

- የፓይተኑ ስሪት። አንዳንድ መንገዶች የሚሠሩት ከተወሰነ ስሪት ወዲህ ነው።
- ፕሮግራሙ በስንት ፕሮሰስ (የራሱን ሜሞሪ ይዞ የሚሠራ አንድ የፕሮግራሙ ቅጂ) እንደሚሠራ። ሎገር የሚኖረው በአንድ ፕሮሰስ ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ አራት ፕሮሰስ ካለ አራት ለየብቻ የቆሙ ሎገሮች አሉ።
- ሎጉ የሚጻፍበት ዲስክ ቀሪ ቦታ። ዲበግ ሲከፈት የሚጻፈው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።
- ዲበግ መስመሮቹ ውስጥ ምን እንደሚጻፍ። ኮዱን ከፍታችሁ አንብቡ። ስልክ ቁጥር፣ ፒን፣ የይለፍ ቃል፣ የመግቢያ ቶከን እንዳለ የሚጥል መስመር ካለ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። አንዴ ፋይል ላይ ያረፈ ፒን ባክአፕ ውስጥም ይገባል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ከታች ያሉት ደረጃዎች የሚሠሩት ከውጭ ትእዛዝ የሚቀበል መንገድ ኮዱ ውስጥ አስቀድሞ ሲኖር ነው። ችግሩ ዛሬ ደርሶባችሁ መንገዱ ከሌላችሁ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ክፍል እለፉ።

ደረጃ 1፦ ኬላዎቹን ለዩ

ሌቭሎቹ ቁጥሮች ናቸው፦ ዲበግ 10፣ ኢንፎ 20፣ ዋርኒንግ 30፣ ኤረር 40፣ ክሪቲካል 50። በሎገር ላይ 0 ማለት «እኔ አልወሰንኩም፣ ወላጄን ጠይቁ» ማለት ነው፤ ጥያቄው መልስ እስኪያገኝ ወደ ላይ፣ የሎገሮች ሁሉ ሥር እስከሆነው እስከ ሩት፣ ይወጣል። በሃንድለር (መስመሩን ወደ ፋይል ወይም ወደ ሌላ መድረሻ በሚጽፈው ክፍል) ላይ ግን 0 ማለት «ሁሉንም አሳልፍ» ነው። ይህን ልዩነት ያዙት፣ ወደ በኋላ ይመለስባችኋል።

አንድ መስመር ፋይሉ ላይ እስኪደርስ ሁለት ኬላ አለበት። የመጀመሪያው የተጻፈበት ሎገር ሌቭል ነው። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ሃንድለር ሌቭል ነው። ሎገሩን ዲበግ አድርጋችሁ ሃንድለሩ ኢንፎ ላይ ከቀረ መስመሩ ሁለተኛው ኬላ ላይ ይቀራል። «ሴትሌቭል አልሠራም» የሚለው ስሞታ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስት ነገር አለ። «ክፍያ» እና «ክፍያ.ባንክ» የሚሉ ሁለት ሎገሮች አሉ እንበል፤ ነጥቡ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ልጅ ያደርገዋል። (የሎገር ስም ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በግዕዝ ፊደል ቢሰየም ያለ ችግር ይሠራል።) ከ«ክፍያ.ባንክ» የተነሣ መስመር በፕሮፓጌት (መስመርን ከልጅ ወደ ወላጅ በሚያሳልፈው አሠራር) አማካይነት ወደ ወላጆቹ ሃንድለሮች ሲወጣ የወላጆቹ ሎገር ሌቭል አይጠየቅም። ሩት ዋርኒንግ ላይ ሆኖ ሳለ ልጁ ዲበግ ላይ ከሆነ፣ የልጁ ዲበግ መስመር ሩት ላይ የተሰቀሉት ሃንድለሮች ዘንድ ይደርሳል። እዚያ ሊያቆመው የሚችለው የራሱ የሃንድለሩ ሌቭል ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ካልተነካ 0 ነው፣ ሁሉን አሳላፊ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይህን አድርጉ፦ ዋናውን ሃንድለር፣ ዘወትር የሚጽፈውን፣ በግልጽ ኢንፎ ላይ አቁሙት። በኋላ የአንዱን ሎገር ሌቭል ስታወርዱ ዋናው ፋይል አይጥለቀለቅም።

ፊልተርም (መስመሮችን የሚያጣራ ወይም የሚሸፍን ክፍል) እንዲሁ ነው። ሎገር ላይ የተሰቀለ ፊልተር የሚያየው በዚያ ሎገር በቀጥታ የተጻፈውን ብቻ ነው፣ ከልጆቹ የሚመጣውን አያይም። ፒን እና ስልክ ቁጥር የሚሸፍን ፊልተር ካላችሁ ሃንድለሩ ላይ ስቀሉት። ሩት ሎገር ላይ ሰቅሎ «ተሸፍኗል» ብሎ መተኛት አደገኛ ነው።

ደረጃ 2፦ አሁን ያለውን ሁኔታ መዝግቡ

ሳይመዘግቡ መቀየር መመለሻ የሌለው መንገድ ነው። የሎገሮቹን ሁኔታ የሚዘረዝር አንድ ተግባር ጻፉ።

1. ሩት ሎገሩን ውሰዱ፤ ሌሎቹን ከሩቱ ማኔጀር ውስጥ ካለው የሎገሮች ዝርዝር፣ ከሎገርዲክት፣ አውጡ።
2. ዝርዝሩን መጀመሪያ ቅዱ፣ ከዚያ ቅጂው ላይ ተመላለሱ። ሌላ ትሬድ (በዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) በመሀል አዲስ ሎገር ከፈጠረ፣ በቀጥታ ሎገርዲክቱ ላይ ስትመላለሱ ስህተት ይወረወራል።
3. ፕሌስሆልደር የሆኑትን ዝለሉ። ቦታ ያዥ እንጂ ሎገር አይደሉም፤ ሌቭልም የላቸውም።
4. ለእያንዳንዱ ሎገር ስሙን፣ የራሱን ሌቭል፣ በጌትኢፌክቲቭሌቭል የሚገኘውን የሚሠራበትን ሌቭል፣ ፕሮፓጌቱን፣ ዲሴብልድ (የተዘጋ) መሆን አለመሆኑን፣ ሃንድለሮቹንና የሃንድለሮቹን ሌቭል አውጡ።
5. የማኔጀሩን ዲሴብል ዋጋም ተመልከቱ። ከ0 በላይ ከሆነ አንድ ሰው ሎጊንግ.ዲሴብልን ጠርቷል ማለት ነው፤ እስከዚያ ቁጥር ድረስ ያለ መስመር በሙሉ፣ የሎገሩ ሌቭል ምንም ቢሆን፣ ይታገዳል።

ለመመለሻ የምታስቀምጡት የሎገሩን የራሱን ሌቭል ነው እንጂ የሚሠራበትን አይደለም። «ክፍያ.ባንክ» የራሱ ሌቭል 0 ሆኖ ከሩት 20 ወርሶ ነበር እንበል። ስትመልሱት 20 ብትሰጡት ለጊዜው ልዩነቱ አይታይም። ከወር በኋላ ግን ሰው ሩትን ወደ 30 ሲያወጣ ያ ሎገር አልሰማ ይላል፤ ለምን እንደሆነም የሚያስታውስ አይኖርም።

ደረጃ 3፦ ትእዛዝ የሚቀበል መንገድ ሥሩ

ሦስት መንገድ አለ፦ ሲግናል (በሲስተሙ በኩል ለፕሮሰስ የሚላክ አጭር ምልክት)፣ የሚጠበቅ ፋይል (ፕሮግራሙ ተቀይሮ እንደሆነ እየተመላለሰ የሚያየው)፣ የአስተዳዳሪ ገጽ። በሊነክስ ላይ ለአንድ ፕሮሰስ ሲግናልና ፋይል አንድ ላይ፣ ለብዙ ፕሮሰስ ደግሞ ፋይል ብቻ ተጠቀሙ ባይ ነኝ። የአስተዳዳሪ ገጽ ለእይታ ያምራል፤ ግን ጥያቄው የሚደርሰው ለአንዱ ፕሮሰስ ብቻ ስለሆነ የቀሩት እንደነበሩ ይቀራሉ፣ መግቢያውንም በደንብ መቆለፍ ይጠይቃል።

ኮዱን በዚህ ቅደም ተከተል አስገቡ።

1. የትእዛዝ ፋይሉን ወስኑ። ትንሽ የጄሰን ፋይል ይበቃል፤ የሎገሩ ስም፣ የሚፈለገው ሌቭል፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይ።
2. ፋይሉ ላይ መጻፍ የሚችለው አገልግሎቱን የሚያስተዳድረው ሰው ብቻ ይሁን። ሌላው ሁሉ ቢበዛ ማንበብ ብቻ።
3. አንድ ዴሞን (ከበስተጀርባ የሚሠራ) ትሬድ ፍጠሩ። ሥራው ሲምፕልኪው በሚባለው የመልእክት ወረፋ ላይ እየጠበቀ በየ5 ሰከንዱ የፋይሉን የተቀየረበት ሰዓት ማየት ነው። አዲስ ነገር ሲያገኝ ያነባል፣ ይመረምራል፣ ይተገብራል። ጊዜው ሲያልቅ የሚመልሰውም ይኸው ትሬድ ይሁን።
4. የሲግናል ተቀባዩን በዋናው ትሬድ ላይ አስመዝግቡ። ፓይተን በሌላ ትሬድ ላይ አይፈቅድም፤ ቫልዩኤረር ይወረውራል።
5. ተቀባዩ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ጠባቂው ትሬድ 5 ሰከንዱን ሳይጠብቅ ፋይሉን እንዲያይ ሲምፕልኪው ውስጥ ምልክት መጣል። ፋይል አታንብቡ፣ ሎግ አትጻፉ።

የመጨረሻው ትእዛዝ ምክንያት አለው። የሲግናል ተቀባይ ዋናውን ትሬድ በሥራው መሀል አቋርጦ ነው የሚገባው። ዋናው ትሬድ በዚያች ቅጽበት ሎግ እየጻፈ ከነበረና ተቀባዩም ሎግ ልጻፍ ካለ፣ ጽሑፉ በጽሑፉ ላይ ይገባና ስህተት ይፈጠራል። ሲምፕልኪውን የመረጥኩትም ለዚህ ነው፤ በሲፓይተን (በተለመደው የፓይተን ዓይነት) ላይ ፑት የሚለው ተግባሩ በራሱ መሀል ድጋሚ ቢጠራ እንዳይቆላለፍ ሆኖ የተሠራ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት ሁለቱ ሲግናሎች፣ ሲግሃፕም ሆነ ሲግዩኤስአር1፣ ተቀባይ ካልተመዘገበላቸው ፕሮሰሱን ይገድላሉ። አዲሱ ኮድ መግባቱን ሳታረጋግጡ ሲግናል ብትልኩ ልታድኑት የሞከራችሁትን ፕሮግራም በገዛ እጃችሁ አጠፋችሁት ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ «የሎግ ትእዛዝ ተቀባይ ተመዝግቧል» የሚል የኢንፎ መስመር ይጻፍ፤ ያንን መስመር ሳታዩ አትላኩ።

ጉኒኮርን (የፓይተን ዌብ ሰርቨር) የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለቱንም ሲግናሎች ተዉአቸው። ለዋናው ፕሮሰስ ሲግሃፕ ማለት ኮንፊግ አንብቦ ሠራተኞቹን (ሥራውን የሚያከናውኑትን ፕሮሰሶች) በአዲስ መተካት ነው፤ ሲግዩኤስአር1 ደግሞ የሎግ ፋይሎችን እንደገና መክፈት። እዚያ ፋይል ብቻ ነው የሚያዋጣችሁ። ደግሞም ትሬድ በፎርክ (ፕሮሰስ ራሱን ቀድቶ ሌላ ሲፈጥር) አይሻገርም፦ አፕሊኬሽኑ ሠራተኞቹ ከመፈጠራቸው በፊት አስቀድሞ የሚጫን ከሆነ፣ ጠባቂው ትሬድ ሠራተኛው ከተፈጠረ በኋላ መነሣት አለበት። አለዚያ ዋናው ፕሮሰስ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ዊንዶውስ ላይም እነዚህ ሲግናሎች ስለሌሉ መንገዱ ፋይል ነው።

ፋይሉን ስትቀይሩ በኤዲተር ከፍታችሁ እዚያው ላይ አትጻፉ። በሌላ ስም ጻፉትና በዚያው ዲስክ ላይ ስሙን ለውጣችሁ ተኩት። ስም መለወጥ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ ጠባቂው ግማሽ የተጻፈ ጄሰን አያነብም። ኩበርኔቲስ ላይ ፋይሉን ከኮንፊግማፕ የምታመጡት ከሆነ በሰብፓዝ አትጫኑት፤ በዚያ መንገድ የተጫነ ፋይል ፖዱ እስኪተካ ድረስ አይታደስም።

ደረጃ 4፦ ሌቭሉን ብቻ ቀይሩ

ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን የሚያስፈልጋችሁ ይኸው ነው። የነበሩትን ሃንድለሮች አትንኩ፤ የዲበግ መስመሮቹ የሚጻፉበትን ጊዜያዊ ሃንድለር በደረጃ 5 ትጨምራላችሁ።

1. ጠባቡን ሎገር ምረጡ። ችግሩ የባንክ ጥሪው ላይ ከሆነ «ክፍያ.ባንክ» ብቻ። ሩትን ወደ ዲበግ ማውረድ የራሳቸው ሌቭል የሌላቸውን ላይብረሪዎች ሁሉ አብሮ ይከፍታል፤ የምትፈልጉት መስመር በኔትወርክ ላይብረሪ ጫጫታ ውስጥ ይጠፋል።
2. በትእዛዙ የመጣው ስም በእርግጥ ያለ ሎገር መሆኑን ፈትሹ። ጌትሎገር የማያውቀውን ስም ሲሰጡት ስህተት አይልም፣ ዝም ብሎ አዲስ ይፈጥራል። አንድ ፊደል የተሳሳተ ስም ያለምንም ማስጠንቀቂያ «ይሳካል»።
3. የሌቭሉን ስም በትልልቅ ፊደል ስጡ። በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ዲበግ ቫልዩኤረር ያመጣል። ጠባቂው ትሬድ ይህን ስህተት ይያዝ፣ ይመዝግብ፣ ሥራውን ይቀጥል። ካልያዘው ትሬዱ ይሞታል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ትእዛዝ አይሰማም።
4. የድሮውን ሌቭል መዝገብ ውስጥ አስቀምጡ፣ ከዚያ ሴትሌቭልን ጥሩ።
5. የመመለሻ ሰዓት አስሉ። 15 ደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚጠይቅን ትእዛዝ ጭራሽ አትቀበሉ። ሰዓቱን ስታሰሉ ሞኖቶኒክ የሚባለውን ሰዓት ተጠቀሙ፣ የሲስተሙ ሰዓት ወደኋላ ወይም ወደፊት ሊስተካከል ይችላልና።
6. ለውጡን ራሱን መዝግቡ፦ የቱ ሎገር፣ ከምን ወደ ምን፣ እስከ መቼ። በዋርኒንግ ሌቭል ይሁን፣ ኢንፎ በተዘጋበት ቦታም እንዲታይ።

አንድ ወጥመድ፦ የመጀመሪያው ጊዜ ሳያልቅ ሁለተኛ ትእዛዝ ሲመጣ። ያኔ «የድሮ ሌቭል» ብላችሁ የምታስቀምጡት ዲበግን ይሆናል፤ ሲመለስም ወደ ዲበግ ይመለሳል፣ ለዘለዓለም። መዝገቡ ውስጥ ለዚያ ሎገር የተያዘ ዋጋ ካለ አትተኩት፤ የመመለሻ ሰዓቱን ብቻ አራዝሙ።

ከፓይተን 3.7 ወዲህ ሎገሮች «ይህ ሌቭል ያልፋል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ይዘው ያቆያሉ፤ ሴትሌቭል ሲጠራ ይደመሰሳል። የሎገሩን ሌቭል የሚለውን መስክ በቀጥታ ብትቀይሩት ግን አሮጌው መልስ ሊቀጥል ይችላል። ሁልጊዜ በሴትሌቭል በኩል ሂዱ።

ደረጃ 5፦ ለዝርዝሩ የተለየ ፋይል ክፈቱ

ዋናው ሃንድለር ኢንፎ ላይ ስለቆመ ዲበግ መስመሮቹ ገና የትም አልደረሱም። ለጊዜው ብቻ የሚኖር ሃንድለር ጨምሩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ሮቴቲንግፋይልሃንድለር ፍጠሩ፤ የፋይሉን መጠንና የሚቀሩትን ቅጂዎች ብዛት ወስኑለት። 50 ሜጋባይት በ3 ቅጂ ብትሉት ከ200 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፣ ዲስኩ አይሞላም። ሁለቱንም ቁጥር ስጡ፤ አንዱ 0 ከሆነ መሽከርከሩ (ፋይሉ ሲሞላ አሮጌውን አስቀምጦ አዲስ መጀመሩ) አይሠራም።
2. ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 በሉ። ይህን ካልሰጣችሁ የኮምፒውተሩን ነባሪ ይወስዳል፤ በዊንዶውስ ላይ ነባሪው ብዙ ጊዜ የግዕዝ ፊደልን አያውቅም። የደንበኛ ስም በአማርኛ የያዘው መስመር ያኔ ፋይሉ ላይ ሳይደርስ ይወድቃል።
3. ስም ስጡት፣ ለምሳሌ «ጊዜያዊ»። ከመጨመራችሁ በፊት በዚያ ስም የተሰቀለ ሃንድለር መኖሩን ፈትሹ። አድሃንድለር ያንኑ አንድ ዕቃ ሁለቴ አይሰቅልም፤ ነገር ግን በየትእዛዙ አዲስ ከፈጠራችሁ እያንዳንዱ ይሰቀላል፣ መስመሩም ሁለቴ፣ ሦስቴ ይጻፋል።
4. እንደ ዋናው ሃንድለር ያለ ፎርማተር (የመስመሩን ቅርጽ የሚወስን) ስጡት፣ ሰዓቱም ጭምር።
5. መረጃ የሚሸፍነውን ፊልተር እዚሁ ስቀሉ።
6. ሌቭሉን ዲበግ አድርጉ።
7. አሁን ሎገሩ ላይ ስቀሉት። ኮዱ ሲሠራ የደረጃ 4ቱ ሴትሌቭል የሚጠራው ከዚህ በኋላ ነው።

ስታነሡ ተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ የሎገሩ ሌቭል ይመለስ፣ ቀጥሎ ሪሙቭሃንድለር፣ በመጨረሻ ክሎዝ። ሳትዘጉ ካነሣችሁ ፋይሉ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሳታነሡ ከዘጋችሁ ደግሞ ቀጣዩ መስመር ሲመጣ ሃንድለሩ ፋይሉን ራሱ እንደገና ይከፍተዋል።

ሰዓትን ካነሣን፦ ደንበኛ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው የወደቀብኝ» ሲላችሁ አዲስ አበባ ላለው ሰርቨር ያ 09:00 ነው፤ ሎጉ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ከተጻፈ ደግሞ 06:00። ሦስት የተለያየ ቁጥር፣ አንድ ክስተት። ጊዜያዊው ፋይል በአንዱ፣ ዋናው በሌላው ከተጻፈ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ራስ ያዞራል። ፎርማተሩ ካልተነገረው የሚጠቀመው የአካባቢውን ሰዓት ነው፤ በዩቲሲ የምትሄዱ ከሆነ ኮንቨርተሩን ጂኤምታይም አድርጉት፣ በሁሉም ላይ።

ደረጃ 6፦ አወቃቀሩ ራሱ መለወጥ ካለበት

አዲስ ፎርማት፣ አዲስ መድረሻ፣ የሃንድለር መቀያየር፦ እዚህ ሙሉውን የሎግ ኮንፊግ ከዲክሽነሪ የሚጭነው ተግባር፣ ዲክትኮንፊግ፣ ይገባል። እውነቱን ለመናገር ይህን እየሠራ ባለ ፕሮግራም ላይ የማደርገው ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ነው። ምክንያቱን ከማስጠንቀቂያዎቹ ታዩታላችሁ።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ፦ ዲሴብል_ኤግዚስቲንግ_ሎገርስ የሚባለው ቁልፍ ካልተጻፈ እንደ «አዎ» ይቆጠራል። እስከዚያች ሰዓት ከተፈጠሩት ሎገሮች መካከል በአዲሱ ኮንፊግ ውስጥ ራሳቸው ወይም ወላጃቸው በስም ያልተጠቀሱት በሙሉ ይዘጋሉ። ሩት መጠቀሱ አያድናቸውም። ጭራሽ ዝም የሚለው ሎግ ምንጩ ይህ ነው። ቁልፉን ሁልጊዜ በግልጽ «አይ» ብላችሁ ጻፉ። ኮንፊግን ከፋይል የሚጭነው ፋይልኮንፊግም ተመሳሳይ ነባሪ አለው።

ሁለተኛው፦ ዲክትኮንፊግ የነበሩትን ሃንድለሮች ዘግቶ ካጸዳ በኋላ ነው አዲሶቹን መሥራት የሚጀምረው። አዲሱ ኮንፊግ መሀል ላይ ስህተት ካለበት፣ ለምሳሌ የሌለ ፎልደር፣ አሮጌው ፈርሷል፣ አዲሱ አልቆመም። በራሱ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ስለዚህ፦

1. አሁን የሚሠራበትን ኮንፊግ እንደ ዲክሽነሪ በሜሞሪ ያዙት፤ ስትሰጡትም ጥልቅ ቅጂውን ስጡ።
2. አዲሱን መጀመሪያ በሌላ ፕሮሰስ ሞክሩት፣ በዚያው ሰርቨር፣ በዚያው ተጠቃሚ ስም። የፎልደር ፈቃድ ችግር የሚጋለጠው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። በሙከራው ጊዜ የፋይሎቹን ስም ቀይሩ።
3. ቨርዥን የሚለው ቁልፍ 1 መሆኑን እዩ፤ ከሌለ አይቀበልም።
4. ዲክትኮንፊግን በትራይ ውስጥ ጥሩ። ስህተት ከወጣ ወዲያው የድሮውን ጫኑ፣ ስህተቱንም በስታንዳርድ ኤረር ላይ ጻፉ። ሎጉ በዚያች ሰዓት ላይኖር ይችላልና በሎግ አትታመኑ።
5. በኮድ የጨመራችሁትን ጊዜያዊ ሃንድለር አስታውሱ። ዲክትኮንፊግ እሱንም ዘግቶታል፤ መዝገባችሁን አጽዱ።

የምትቀይሩት ሌቭልና ፕሮፓጌት ብቻ ከሆነ ኢንክሪመንታል የሚለውን ቁልፍ «አዎ» አድርጉ። በዚህ አሠራር ምንም ሃንድለር አይፈርስም። ፎርማተርና ፊልተር ብትጽፉበት ግን ሳይነግራችሁ ያልፋቸዋል።

ሎጊንግ.ኮንፊግ.ሊስን የሚባለው በፖርት 9030 ላይ አዲስ ኮንፊግ የሚጠብቅ ዝግጁ መንገድም አለ። አትጠቀሙበት። የሚጠብቀው በዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቢሆንም የተላከለትን የተወሰነ ክፍል እንደ ኮድ ያስኬዳል፤ በዚያ ሰርቨር ላይ መግቢያ ያለው ማንኛውም ሰው በፕሮግራማችሁ ስም ያሻውን ሊያስፈጽም ይችላል። ቬሪፋይ በሚለው በኩል ፊርማ ማረጋገጥ ይቻላል፣ ግን ለዚያ ከምትደክሙ የደረጃ 3ቱ ፋይል ይቀላል።

ደረጃ 7፦ ፕሮሰሱ ብዙ ከሆነ

እያንዳንዱ ፕሮሰስ ያንኑ የትእዛዝ ፋይል ይጠብቅ። በየ5 ሰከንዱ ስለሚያዩ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይቀየሩም፣ ይህ አያሳስባችሁ። ፎርማቱ ውስጥ የፕሮሰሱን ቁጥር አስገቡ፤ የትኛው ትእዛዙን እንደተቀበለ የሚታወቀው በሱ ነው።

ሮቴቲንግፋይልሃንድለርን በአንድ ፋይል ላይ ለብዙ ፕሮሰስ አታድርጉት። አንዱ ፋይሉን ሲያሽከረክር ሌላው በአሮጌው ላይ መጻፉን ይቀጥላል፤ መስመር ይጠፋል። ጊዜያዊውን ፋይል በፕሮሰስ ቁጥሩ ሰይሙት፣ እያንዳንዱ የራሱን ይጻፍ፤ የ200 ሜጋባይቱን ስሌትም በፕሮሰሶቹ ብዛት አባዙት። ዋናውን ሎግ ሎግሮቴት (የሊነክስ የሎግ ማሽከርከሪያ መሣሪያ) የሚያሽከረክረው ከሆነ ሊነክስ ላይ ዎችድፋይልሃንድለር ተጠቀሙ፤ ፋይሉ ከሥሩ እንደተቀየረ አይቶ ራሱ ይከፍታል።

ደረጃ 8፦ መሥራቱን አረጋግጡ

1. በዚያው ሎገር ስም በዲበግ፣ በኢንፎና በዋርኒንግ አንዳንድ የሙከራ መስመር ይጻፍ። ጠባቂው ትሬድ ከለውጡ በኋላ ራሱ ቢጽፈው ይመረጣል።
2. ጊዜያዊው ፋይል ላይ ሦስቱም፣ ዋናው ላይ ሁለቱ ብቻ መታየት አለባቸው።
3. የደረጃ 2ን ዝርዝር እንደገና አውጡና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። ካሰባችሁት ሌላ የተቀየረ ነገር ካለ አሁኑኑ መልሱ።
4. የዲስኩን ቦታ እና የአገልግሎቱን ፍጥነት ለጥቂት ደቂቃ ተከታተሉ።
5. ጊዜው ሲያልቅ የመመለሻው መስመር መጻፉን እዩ። ይህን ሳታዩ ከኮምፒውተሩ አትነሡ።

ችግር ሲገጥማችሁ

ምንም አልተቀየረም። በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦ የሎገሩ ስም፣ የሃንድለሩ ሌቭል፣ የማኔጀሩ ዲሴብል፣ የሎገሩ ዲሴብልድ፣ ከዚያ ፕሮፓጌት። ሎጊንግን በቀላሉ የሚያዋቅረውን ተግባር፣ ቤዚክኮንፊግን፣ ጠርታችሁ ከሆነ ደግሞ ሩት አስቀድሞ ሃንድለር ካለው ምንም አያደርግም፣ ስህተትም አይልም። ከ3.8 ወዲህ ያለው ፎርስ የሚለው ቁልፍ ያስገድደዋል፤ ግን የሩትን ሃንድለሮች አንሥቶ ነው።

መስመሩ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ፋይል ላይ ከሆኑ ሃንድለር ሁለቴ ተሰቅሏል፤ በስሙ ፈልጉና አንዱን አንሡ። ወይም ሁለት ሃንድለር፣ አንዱ ልጁ ላይ አንዱ ሩት ላይ፣ ወደ አንድ ቦታ ይጽፋሉ። ፕሮፓጌትን በችኮላ አትዝጉ፤ ከዘጋችሁት ኤረሮቹም ወደ ዋናው ሎግ መሄዳቸውን ያቆማሉ።

ሎጉ ጭራሽ ዝም አለ። የሎገሮቹን ዝርዝር አውጡና ዲሴብልድ የሆኑትን ተመልከቱ። በያንዳንዱ ላይ ያንን መስክ ወደ ሐሰት መመለስ ይበቃል፣ ሪስታርት አያስፈልግም። ሃንድለሮቹ ከጠፉ የያዛችሁትን የድሮ ኮንፊግ ጫኑ። ሃንድለር ጨርሶ በሌለበት ጊዜ ከዋርኒንግ ጀምሮ ያሉት መስመሮች ያለ ፎርማት በስታንዳርድ ኤረር ላይ ይወጣሉ፤ እዚያ ራቁታቸውን የቆሙ መልእክቶች ካያችሁ ችግሩ ይኸው ነው።

ዲስኩ እየሞላ ነው። የሎግ ፋይሉን አትሰርዙ። ፕሮግራሙ ይዞት ስለሆነ ስሙ ይጠፋል እንጂ ቦታው አይለቀቅም። መጀመሪያ ሌቭሉን መልሱ፣ ከዚያ ፋይሉን ሳትሰርዙ ይዘቱን ወደ ዜሮ አሳጥሩ። ፋይሉ በነባሪው፣ ማለትም በመጨመር አሠራር፣ ከተከፈተ መጻፉ ከዜሮ ይቀጥላል። ቀድማችሁ ሰርዛችሁት ከሆነ ቦታው የሚለቀቀው ሃንድለሩ ሲዘጋ ነው።

አገልግሎቱ ዘገየ። እያንዳንዱ ሃንድለር ሲጽፍ ይቆልፋል፣ ትሬዶቹ ተራ ይጠብቃሉ። ጠበብ ያለ ሎገር ምረጡ። የዲበግ መስመሮቹ ውስጥ ከባድ ነገር፣ ለምሳሌ ሙሉ ምላሽን ወደ ጽሑፍ መለወጥ፣ ካለ መጀመሪያ ሌቭሉ ክፍት መሆኑን የሚናገረውን ኢዝኢኔብልድፎርን ጠይቁ። ለዘለቄታው መፍትሔው ኪውሃንድለርና ኪውሊስነር ናቸው፤ ጽሕፈቱን ወደ ሌላ ትሬድ ይወስዱታል።

ትእዛዝ የሚቀበል መንገድ ያልተሠራለት ፕሮግራም

ፓይተኑ 3.14 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተስፋ አለ። ሲስ.ሪሞት_ኤግዜክ የሚባለው ተግባር የፕሮሰሱን ቁጥርና የስክሪፕት ፋይል መንገድ ይቀበላል፣ ስክሪፕቱንም እየሠራ ባለው ፕሮሰስ ውስጥ ያስኬዳል።

1. ትእዛዙን የምትሰጡበት ፓይተን ስሪት ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ይሁን፤ 3.14 ለ3.14።
2. ሌላ ፕሮሰስን የመንካት ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ሊነክስ ላይ ብዙ ጊዜ የሩት (ሎገሩ ሳይሆን የሲስተሙ ዋና ተጠቃሚ) ወይም ፒትሬስን፣ ማለትም ሌላ ፕሮሰስን መቆጣጠርን፣ የሚፈቅድ መብት ነው።
3. ስክሪፕቱን አጭር አድርጉ፦ ሎገሩን አግኝ፣ የድሮውን ሌቭል አንድ ፋይል ላይ ጻፍ፣ ሌቭሉን ቀይር። ሌላ ነገር አትጨምሩበት።
4. የመመለሻውን ስክሪፕት ከመጀመሪያው ጋር አብራችሁ አዘጋጁ፣ ከዚያ ነው የመጀመሪያውን የምትልኩት።
5. ተግባሩ ወዲያው ይመለሳል፣ ስክሪፕቱ መቼ እንደተፈጸመ ግን አይነግራችሁም። ፕሮግራሙ የኔትወርክ መልስ እየጠበቀ ከሆነ ሊዘገይ ይችላል። ስክሪፕቱ የጻፈው ፋይል እስኪታይ ጠብቁ፣ የስክሪፕቱንም ፋይል እስከዚያ አትሰርዙ።

ፕሮግራሙ ሲነሣ ይህ በር በኮንፊግ ተዘግቶ ከሆነ፣ ወይም ስሪቱ ከ3.14 በታች ከሆነ፣ በዲበገር ተጣብቆ መግባት የሚቻልባቸው መሣሪያዎች አሉ፤ ገንዘብ በሚያንቀሳቅስ ፕሮሰስ ላይ ግን አልሞክራቸውም። ያለውን ሎግ፣ የዳታቤዙን መዝገብና የሌላኛውን ወገን ምላሽ ሰብስቡ፣ የደረጃ 3ን ኮድ ጨምሩ፣ ደንበኛ በሚያንስበት ሰዓት ሪስታርት አድርጉት።